ካሜራው በጠራራ ፀሐይ ለምን ይታወራል?

በውስጥ መስመር ከሚደርሱን መልዕክቶች መካከል አንድ ዓይነት የሆነ አለ። የሱቅ ወይም የግቢ ካሜራ የቀረጸው ቪዲዮ ይላክልናል፤ ከሥሩ «ይህን ሰው የምታውቁት ካላችሁ ጠቁሙን፣ እባካችሁ ለጥፉልን» ይላል። ስንከፍተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፣ ከበሩ ውጭ ያለው አስፋልት ነጭ ሆኗል። በሩ መሀል አንድ ሰው ቆሟል። ቁመቱ ይታያል፣ ኮፍያ ማድረጉ ይታያል፣ ዕቃ ይዞ መውጣቱም ይታያል። ፊቱ ግን የለም። ከሰል የመሰለ ጥላ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ቪዲዮ አንለጥፍም። ጥላ ስንለጥፍ ኮሜንት ላይ ስም ይወጣለታል፤ «ይሄማ እንትና ነው» የሚል አይጠፋም። በአካሄዱና በጃኬቱ ብቻ አንድ ምስኪን ሌባ ተብሎ ሰፈሩ ውስጥ መኖር ያቅተዋል። ንብረቱ የጠፋበት ሰው ግን ይናደድብናል፤ አንፈርድበትም። ካሜራውን የገዛው ለዚያች ቀን ነበር፣ በዚያች ቀን ደግሞ ካሜራው አልሠራለትም። ፖሊስ ጣቢያ ወስዶት «እዚህ ላይ ማንን ነው የምንይዘው?» ተብሎ የተመለሰም አለ።

ሌሊት ቢሆን እሺ። ቀን በብርሃን እንዴት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ የሚቸገረው ብርሃን ሲያንሰው ብቻ ይመስለናል። ቀን ላይ የሚያስቸግረው ግን የብርሃኑ መብዛት ብቻ እንኳን አይደለም፤ በጣም ብሩህና በጣም ጨለማ ቦታ አንድ ምስል ውስጥ አብረው መገኘታቸው ነው። ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። ጠራራ ፀሐይ የሚመታው አስፋልት ላይ 100,000 ሉክስ ገደማ ያርፋል። አንድ ሁለት አምፖል የበራበት ሱቅ ውስጥ 200 ቢሆን ነው። ልዩነቱ 500 እጥፍ ማለት ነው። በዚህ ላይ ነጭ ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ሲያንጸባርቅ፣ ጥቁር ጃኬት ደግሞ ውጦ ሲያስቀር ልዩነቱ ብዙ ሺህ እጥፍ ይደርሳል።

ዓይናችን ይህን ይችለዋል። በር ላይ የቆመ ሰው ስናይ ፊቱንም ከኋላው ያለውን መንገድም እናያለን፤ ዓይናችን ቦታ በቀየረ ቁጥር ራሱን ያስተካክላል፣ የቀረውን አእምሯችን ያገጣጥመዋል። ተራ ካሜራ ግን ለሙሉው ምስል ያለው አንድ ምርጫ ነው።

እንዲህ አስቡት። ካሜራው ውስጥ ያለው ሴንሰር ማለት ደጅ ላይ ዝናብ እንዲቀበል የተቀመጠ፣ ስኒ የተደረደረበት ረከቦት ነው። እያንዳንዷ ስኒ የምስሉ አንዲት ነጥብ ናት፤ ዝናቡ ብርሃኑ ነው። ካሜራው የሚወስነው ረከቦቱ ዝናቡ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው። ብዙ ካቆየው መንገዱ የሚታይባቸው ስኒዎች ሞልተው ይፈሳሉ። ሞልቶ የፈሰሰ ስኒ በቃ ነጭ ነው፤ ምን ያህል እንደፈሰሰበት ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቶሎ ካነሳው ደግሞ የሰውየው ፊት ያለባቸው ስኒዎች አንድ ሁለት ጠብታ ይዘው ይቀራሉ፤ ያ ጥቁር ነው። የምስሉ ሰፊው ክፍል ብሩህ መንገድ ሲሆን ካሜራው ለብዙኃኑ ይፈርዳል፣ ቶሎ ያነሳል። ሰውየው ጥላ ሆኖ ይቀራል።

«ታዲያ ባለ 2 ሜጋፒክስሉን አውጥቼ ባለ 8 ልግዛ?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ሻጩም አይቃወምም። ሜጋፒክስል ግን የስኒዎቹ ቁጥር ነው። በዚያው ረከቦት ላይ ብዙ ስኒ ለመደርደር ስኒዎቹ ማነስ አለባቸው፣ ትንሽ ስኒ ደግሞ የሚይዘው ትንሽ ነው። ሜጋፒክስል የሚጠቅመው ሰውየው ሩቅ ሲሆን ነው። አይኢሲ 62676-4 የሚባለው ዓለም አቀፍ የካሜራ መስፈርት በ2014 እ.ኤ.አ. እትሙ፣ የማናውቀውን ሰው በፊቱ ለመለየት ሰውየው በቆመበት ቦታ ለአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል ያስፈልጋል ይል ነበር። ባለ 2 ሜጋፒክስሉ በወርድ 1,920 ፒክስል አለው። ስለዚህ በሩ አካባቢ ምስሉ የሚሸፍነው ስፋት ከ7 ሜትር ተኩል ካልበለጠ ቁጥሩ ይበቃል። የጎደለው ብርሃኑ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው ሴቲንግ አይደለም፣ ኪስም አይደለም። አቅጣጫ ነው።

እዚህ ላይ ከኢንተርኔት የሚለቀመው ምክር ያሳስታል። የአውሮፓና የአሜሪካ ድረ ገጾች «ካሜራውን ወደ ሰሜን አዙሩት፣ ፀሐይ አታገኘውም» ይላሉ። እነሱ አገር የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለሆነች ያስኬዳል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ደግነቱ ቀትር ላይ በጣም ከፍ ስለምትል ሰሜን የሚያይም ሆነ ደቡብ የሚያይ ካሜራ ሌንስ ውስጥ በቀጥታ አትገባም። የእኛ ጣጣ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ናት። ምሥራቅ የሚያይ ካሜራ ፀሐይ ከወጣች አንስቶ እስከ 3 ሰዓት ገደማ፣ ምዕራብ የሚያይ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስክትጠልቅ ፈተና ላይ ነው። ሰው ሥራ የሚገባበትና ሱቅ የሚከፈትበት፣ ማታም ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ።

ሌላም አለ። ፀሐይ የምትወጣበት ቦታ ዓመቱን ሙሉ ይንቀሳቀሳል። ሰኔ ላይ ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ሸሽታ ትወጣለች፣ ታኅሣሥ ላይ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ጥርት አድርጎ ሲያሳይ የነበረ ካሜራ ማንም ሳይነካው መጋቢት ላይ ማጥቆር ሊጀምር ይችላል። ያኔ የተጠራው ቴክኒሽያን «ካሜራው ሄዷል፣ ይቀየር» ቢላችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ችግሩ በሚታይበት ሰዓት አንድ ሰው በሩ ጋ አቁሙና የጥላውን አወዳደቅ እዩ። ጥላው ወደ ካሜራው አቅጣጫ ከወደቀ ፀሐይዋ ከሰውየው ጀርባ ናት፤ ካሜራው ጤነኛ ነው።

ቀጥሎ ሰማዩን ከምስሉ አስወጡት። ሰማይ አይሰርቅም፣ አይገባም አይወጣም፤ ግን ብሩህነቱ ምስሉን በሙሉ ያጠቁራል። ብዙ ካሜራዎች ሲገጠሙ ግማሽ ምስላቸው ሰማይና የጎረቤት ጣሪያ ነው። ባለ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ካሜራ ከላይ ወደ ታች ከ50 ዲግሪ በላይ ያያል፤ ስለዚህ ወደ ታች 30 ዲግሪ ያህል ካላጎነበሰ ሰማይ ይገባበታል። ባለ 4 ሚሊሜትሩ ጠበብ ስለሚል ያነሰ ይበቃዋል። ለማጎንበስ ብላችሁ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አትስቀሉት፣ የኮፍያ አናት ብቻ ነው የምታዩት። ፊት ለመያዝ ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ከፍታ ጥሩ ነው። ካሜራው የራሱ መከለያ ኮፍያ ካለው ወደ ፊት ሳቡት፤ በጣም ከሳባችሁት ግን ራሱ ምስሉ ውስጥ ይገባና ማታ የካሜራውን መብራት መልሶ እያንጸባረቀ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

አዲስ ቆርቆሮም ተጠንቀቁ። ፀሐይዋ ከካሜራው ጀርባ ሆና እንኳን ፊት ለፊት ያለ አዲስ ቆርቆሮ ወይም በነጭ ቀለም የተቀባ አጥር ብርሃኑን ይመልሰዋል፣ ካሜራው ደንግጦ ምስሉን በሙሉ ያጠቁራል። ካሜራውን ትንሽ ወደ ጎን መጠምዘዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የሱቅ ነገር ለብቻው ይነሳ፣ ምክንያቱም ከሚላኩልን ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የሱቅ ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል ካሜራውን የሚሰቅለው ውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ነው። ሐሳቡ ገባን፤ የሚገባውን ሰው ፊት ለማየት ነው። ግን የሚገባው ሰው ጀርባው ላይ ያን ሁሉ ብርሃን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እኛ የምንመክረው ገልብጡት ነው። ካሜራውን ከበሩ በላይ፣ ከውስጥ በኩል ሰቅላችሁ ወደ ሱቁ ውስጥ እንዲያይ አድርጉት። አሁን የውጭው ብርሃን ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ሰው ፊት ላይ ያርፋል። ሲገባ ጀርባውን ነው የምታዩት፤ ሲወጣ ግን ወደ በሩ ስለሚዞር ሙሉ ፊቱን፣ ያውም ከነያዘው ዕቃ። ካሜራውን ማንቀሳቀስ ካልተቻለ ደጁ ላይ ሸራ መዘርጋትም ይረዳል፤ ከበሩ ውጭ ያለው መሬት ጥላ ሲያርፍበት የብርሃኑ ልዩነት በብዙ ይቀንሳል።

አቅጣጫው ከተስተካከለ በኋላ ወደ ሜኑ እንግባ። ሂክቪዥንም ሆነ ዳህዋ ላይ «ባክላይት» የሚል ቦታ አለ፣ ውስጡም ሦስት ምርጫ ይገኛል። ቢኤልሲ የሚባለው ለካሜራው «ይህን ቦታ ብቻ አይተህ ወስን» ይለዋል፤ ፊቱ ይበራል፣ መንገዱ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። መንገዱ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ይህ ብቻ ይበቃችኋል። ኤችኤልሲ የተሠራው ማታ ለመኪና ፓውዛ ነው፤ ቀን ላይ በርቶ ከተገኘ ምስሉን ያደበዝዛል እንጂ አይጠቅምም።

ዋናው መድኃኒት ደብሊውዲአር ነው። ወደ ረከቦታችን እንመለስ። ደብሊውዲአር ያለው ካሜራ ረከቦቱን አንዴ ለአጭር፣ አንዴ ለረዘም ያለ ጊዜ ዝናቡ ላይ ያወጣዋል። ከአጭሩ መንገዱን፣ ከረጅሙ ፊቱን ይወስድና አንድ ምስል ይሠራል። ጉዳትም አለው፤ ሁለቱ ምስሎች በተለያየ ቅጽበት ስለተነሱ የሚሮጥ ሰው ዙሪያ ድርብ ጥላ ሊታይ ይችላል፣ ቀለሙም ይፈዛል። ስለዚህ መጠኑን እስከ ጫፍ አትክፈቱት። ከመካከለኛው ጀምሩና ፊት እስኪታይ ብቻ ጨምሩ። ማታ ላይ ምስሉን ስለሚያጎድፍ ሜኑው ለቀንና ለሌሊት የተለያየ ሴቲንግ ከፈቀደ ሌሊት እንዲጠፋ አድርጉ።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፤ ካርቶን ላይ «ደብሊውዲአር» የተጻፈበት ሁሉ ይህን አይሠራም። ርካሾቹ ላይ ያለው ዲጂታል ደብሊውዲአር የሚባለው ነው። እሱ አንድ ምስል ብቻ ያነሳና ጥቁሩን ክፍል በኋላ በሶፍትዌር ያነጣዋል። ስኒው ውስጥ ያልገባ ጠብታ ከየት ይመጣል? እውነተኛው አብዛኛውን ጊዜ 120 ዴሲቤል ተብሎ ይጻፍበታል፣ ይህም በአንድ ምስል 1 ሚሊዮን እጥፍ የብርሃን ልዩነት እችላለሁ እንደማለት ነው። ቁጥር ወረቀት ላይ ማንም ይጽፋልና መርካቶ ስትሄዱ ሻጩን እንዲህ በሉት፦ «እስቲ አብራውና ከሱቅህ ውስጥ ሆነህ ወደ መንገዱ አዙረው፣ እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።» ስክሪኑ ላይ ፊታችሁ ከታየ ግዙ።

ምስሉ ጥቁር ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው የማታውን ምስል ለማብራት ብሎ ሹተሩን 1/25 ላይ ቆልፎት ሄዷል። በፀሐይ ያ በጣም ረጅም ጊዜ ነው፤ ስኒው ሁሉ ሞልቶ ይፈሳል። ወደ አውቶማቲክ መልሱት። የአምፖል መርገብገብን ለመከላከል የሚሞላው 50 ኸርዝ የሚለው ሴቲንግም ሹተሩን ሊይዘው ስለሚችል፣ ዳህዋ ላይ እዚያው ቦታ ለቤት ውጭ የሚሆን ምርጫ አለና እሱን ሞክሩ።

ቀን ላይ ምስሉ ወደ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ካደላ፣ ዛፉ ሁሉ ነጣ ብሎ ከታየ፣ ከሌንሱ ጀርባ ያለችው ትንሽ ማጣሪያ ናት የተያዘችው። ቀን ላይ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ትከለክላለች፣ ማታ «ቀጭ» ብላ ትነሳለች። አንዳንዴ ማታ ተነስታ ጠዋት ሳትመለስ ትቀራለች። ከሜኑ ላይ ቀንና ሌሊት የሚለውን ደጋግማችሁ ቀያይሩት፤ ድምፁ ተሰምቶ ቀለሙ ከተመለሰ ተላቃለች፣ እንቢ ካለች ካሜራው ወደ ጥገና ነው። ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ምክንያቱም በዚህ ሁኔታ ጥቁር ጃኬት ሐምራዊ ሆኖ ሊቀረጽ ይችላል። ለፖሊስ «ሐምራዊ ጃኬት የለበሰ» ትላላችሁ፣ ሰውየው የለበሰው ጥቁር ነው።

ጭጋግ የመሰለ ነጭ ነገር ምስሉን ከሸፈነው አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። የበጋ አቧራ ሌንሱ ላይ ሲቀመጥ በጥላ ሰዓት ምንም አይታወቅም፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመታው ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ታበራለች። በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት። አቧራው አሸዋ አለበት፣ ይቧጭረዋል፣ የተቧጨረ ሽፋን ደግሞ ፀሐይ ባገኘው ቁጥር ያንኑ ጭጋግ ያመጣል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ። በግልጽ ፕላስቲክ የተሸፈነው ክብ ካሜራ በዚህ በኩል የባሰ ነው፤ ፕላስቲኩ ራሱ ከዓመታት ፀሐይ በኋላ ይደበዝዛል። ፀሐይ ለሚያገኘው ደጅ ሽፋን የሌለውን፣ ዓይን የመሰለውን እንመርጣለን። በነገራችን ላይ፣ ከፋብሪካ የመጣው ስስ ላስቲክ ሳይላጥ የተገጠመ ካሜራም ይኖራልና መሰላሉ ላይ ስትወጡ እሱንም እዩ።

ይህን ሁሉ ካስተካከላችሁ በኋላ አንድ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ሌላ ቀን ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት የቤት ሰው በሩ ጋ ቆሞ ወደ ካሜራው ይይ። ከዚያ በቀጥታ የሚታየውን ሳይሆን የተቀረጸውን ክፈቱ። ሪከርደሩ ላይ 07:30 የሚለው የእኛ 1፡30 ነው። የሰውየውን ፊት ለማያውቀው ሰው አሳዩና «ይሄ ማን ነው? ከእነዚህ ሰዎች መካከል ምረጥ» በሉት። እናንተማ ጥላውንም ብታዩ ታውቁታላችሁ። ሙከራውን ሰኔና ታኅሣሥ ላይ ድገሙት።

ስርቆቱ ቀድሞ የደረሰባችሁ ደግሞ ፍጠኑ። 4 ካሜራ እያንዳንዱ በ4 ሜጋቢት ሲቀርጽ 1 ቴራባይት ዲስክ 6 ቀን ያህል ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ስክሪኑን በስልክ እየቀረጻችሁ አትላኩ። ፍላሽ ሰክታችሁ ዋናውን ፋይል ከሪከርደሩ አውጡ። ነጭ የሆነ ፊት አይመለስም፤ ጥቁር የሆነ ግን ስኒው ውስጥ ጥቂት ጠብታ ካለ በኮምፒውተር ሲነጣ የተወሰነ ነገር ሊወጣ ይችላል። ያ የሚሆነው ግን ከዋናው ፋይል ብቻ ነው፤ ቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሲልከው መጀመሪያ የሚጥለው ጨለማው ውስጥ ያለውን ዝርዝር ነው። ለእኛም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። ለፖሊስ ስትሰጡ ደግሞ የሪከርደሩ ሰዓት ከትክክለኛው ሰዓት በስንት ደቂቃ እንደሚለይ በወረቀት ጽፋችሁ ከፍላሹ ጋር አያይዙት።